ጣራው ወለል ሲሆን

አባቴ ገበሬ፥ እኔም አራሽ ነበርሁ፤
ሠላሳ ሲሞላኝ ጣራ መርገጥ ተማርሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰኔ ነው፤ ቀኑ ብራ፤
ለክረምት ማገዶ ከረግረጉ አፈር ስንቆርጥ በጋራ፣
እዚያ ታች፥ ስካፓ ፍሎው ላይ፥ የጀርመን መርከቦች
አንዷ ዘመመች፤
ሌላዋ ተከተለቻት፤
ላሜ ቀና ብላ አየቻት፤
ሣሯን ቀጠለች።

የገዛ ሰዎቻቸው ቧንቧ ከፍተውባቸው፣
ባሕር ጠጥተው ሞቱ፤ ማንም ሳይነካቸው።

ጦር ያነሡ ሰመጡ።
ዓመታት አለፉና፥ የብረት ዋጋ ሲወደድ፥ ነጋዴዎች መጡ፤
የሰመጠውን "አንሡልን" አሉ፤ በየሳምንቱ ሽልንግ ሊሰጡ።

ገባሁ። እናቴ ምንም አላለችም።
ታላቄን ማንሲን የሰሜን ባሕር በልቶታል፤
መድፉ የየትኛዋ መርከብ እንደ ነበር ማን ያውቃል?
ማታ ማታ ካፖርቴን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ
"ልጄን አላገኛችሁም?" ትለኛለች፤ ሌላ ሰላምታ
የላትም።

አየር ነፋንላት። ቀን ከሌት ነፋንላት።
ስንጥቋን በሲሚንቶ፥ ቀዳዳዋን በእንጨት ደፍነን፣
ለጠላት መርከብ ነፍስ ዘራንባት፣
የገዛ ሳንባችንን በከሰል ጢስ አጥነን።

ከዚያ በረጅሙ የብረት ጉሮሮ ወረድን፤ ሊስክ ከፊት፥ ፋኖስ ይዞ።
ጆሮዬ ጮኸ። ጥርሴን አመመኝ። አየሩ ወፍሮ፥ እርጥብ ሱፍ መስሎ፥ በዝቶ።
የመብራት አምፖል ከእግሬ ሥር በቅሏል፤
የመብል ጠረጴዛው ከአናቴ በላይ ተንጠልጥሏል፤
ምድጃው አፉን ወደ ታች ከፍቶ
አመዱን ሁሉ ተፍቷል።

ጥላቻ ይዤ ነበር የወረድሁ፤ እንደ ስንቅ ቋጥሬ።
ቋጠሮዬን የምፈታበት ደረቅ ቦታ አጣሁ ዞሬ ዞሬ።

ካንዱ አልጋ ጎን፥ ቀለሙ ላይ፥ በጩቤ ጫፍ የተጫረ
አራት ቋሚ፥ አንድ አግድም፤ አራት ቋሚ፥ አንድ አግድም፤ ቀን የቆጠረ
ሰው ነው፤ ደሴታችንን ከመርከቡ ላይ እያየ፣
እንዳይወርድ ተከልክሎ ሰባት ወር የቆየ።
"ዲትሌፍ" ይላል ከሥሩ፤ አንገቴን ዘቅዝቄ አነበብሁት።
መቶ ዘጠና ላይ ተሳሳትሁና
እንደገና ከአንድ ቆጠርሁት።

በበጋ ጎተትናት፤ ሦስት ጎታች ጀልባ ከፊቷ፤
እኛ ጎጆ ቀልሰን (አዎ፥ የሳንቃ ጎጆ!) ከተገለበጠ ሆዷ አናት።
ድሬቨር ዓሣ ይጠብሳል፤ ሊስክ ካርታ ይበውዛል፤
አንዱ ከመርከቢቱ አከርካሪ ላይ ካልሲውን ያሰጣል።
በሦስተኛው ሌሊት ግን ማዕበል ተነሣ፤ አየሯ አፈተለከ፤
ዝቅ አለች። ደግሞ ዝቅ።
እኔ፥ የማንሲ ወንድም፥ "አትስመጪ፥ አትስመጪ" እያልሁ
ጉልበቴ ለማን እንደሆነ ሳላውቅ ተንበረከከ።

አልሰመጠችም። ከደቡብ፥ ከመፍረሻዋ ወደብ ሲያስገቧት፣
ቆራጮቹ ቧንቧዋን ፈቱላት።
ያኔ ተነፈሰች፤
በረዥሙ፤ የሊስክን ቆብ ከራሱ እስክታነሣ።
አሸተትሁት። የጀርመን ሽታ አልነበረም፤
የእኛው ከሰል ነው፤ የእኛው ትምባሆ፤ የእኛው ዓሣ።

ብረቷን በሚዛን ሸጧት። "ገዢው ማነው?" ብል አለቃው ሣቀ።
ማረሻ ይውጣት ምላጭ፥ ወይስ ሌላ መድፍ፥
ብረት ምን አወቀ።

ቤት ስገባ እናቴ እንደ ወትሮዋ ካፖርቴን አሸተተች።
"ልጄን አላገኛችሁም?" አለች።
"የለም" አልኋት። "ዲትሌፍ የሚባል አለ። ቀን ይቆጥር ነበር።"
የወተት ባልዲዋን አነሣች።
በሩ ዘንድ ስትደርስ፥ ፊቷን ሳታዞር፣
"እናቱስ?" አለችኝ፤ "እሷስ ስንት ቆጠረች?"